ሦስቱ ሳፋዎች

ቢልቂስ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ልታስገባው አልፈለገችም። ደሴ መናኸሪያ ሚኒባሱ ውስጥ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት እጆቿን ጭናበታለች። አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት አንድ ሁለት ጊዜ ሰረቅ አድርገው አይተውታል፤ የፍርድ ቤት ወረቀት ሳይመስላቸው አልቀረም። እውነቱን ብትነግራቸው ይስቁ ነበር። ውስጡ ያለው የሠላሳ ሁለት የዓሣ ጫጩቶች ዝርዝር ነው፤ የትኞቹ አልኮል በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ እንደቆዩ፣ የትኞቹ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ብቻ እንዳዩ የሚናገር።

«ይህ አማና ነው» ብለዋት ነበር ዶክተር አምባዬ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ባዶውን ፖስታ ሲሰጧት። ክርስቲያን ቢሆኑም ወሎ ተወልደው ወሎ ያረጁ ሰው ናቸውና፣ ቃሉን የተናገሩት የአደራውን ክብደት አውቀው ነው። «ፊርደውስ የትኛው ዓሣ አልኮል እንደነካው ካወቀች፣ ዓይኗ የሚያየው የምትፈልገውን ነው። ስለዚህ የምታውቂው አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ።»

ያን ዕለት ደስ ብሏት ነበር። ቤቷ ስትደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠባት። ጥናቱ የማን ነው? የፊርደውስ። ምስጋናው የማን ነው? የፊርደውስ። እሷ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ የዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ የተደረገች ዘመድ እንደሆነች ተሰማት።

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዘ ሲወርድ የደሴ ብርድ ከኋላ ቀረ፤ ሹራቧን አወለቀች። ላቦራቶሪው ኮምቦልቻ የተከፈተው በዓሦቹ ምክንያት ነው። የደሴን ብርድ አይችሉትም ተባለና፣ ሞቅ ያለ ቦታ ተፈልጎላቸው እታች ወረዱ። እሷ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ደሴ ካለው ሰፈሯ ከሆጤ እየተነሳች ስትመላለስ፣ ትችይዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም። ቅናት አንዴ ከጀመረ እንዲህ ነው፤ ዓሣ እንኳ አይምርም።

መቅናቷን ታውቀዋለች። ራሷን የምታታልል ሴት አይደለችም። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በዲፕሎማ ተቀጥራ፣ ዲግሪዋን ቅዳሜና እሑድ ተምራ ያገኘች፣ የመስታወት ገንዳዎቹን በእጇ የገጠመች፣ የመጀመሪያዎቹን የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ከሐይቅ በጀሪካን ይዛ የመጣች እሷ ናት። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ሲቆም፣ ውሃውን በጆግ እየቀዳች መልሳ ከላይ እያፈሰሰች ዓሦቹን ያተረፈች እሷ ናት። የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ሲመጣ ማመልከቻዋን አስገብታ ነበር። ዕድሉ ለፊርደውስ ሆነ። ፊርደውስ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ የገራዶ ልጅ፣ ውጤቷ ከፍተኛ፣ ሳቋ ቅርብ። በመጀመሪያው ሳምንት ዓሣው ሲንፈራገጥባት ጮሃ መረቡን የጣለች ልጅ! መረብ አያያዝ ያስተማራት ማን ሆነና?

ልጅቷ ክፉ ብትሆን ቢልቂስ ባረፈች። ክፉ አይደለችም። «እትዬ» እያለች፣ «እርስዎ» እያለች፣ ገና ስታያት ከወንበር እየተነሳች በአክብሮት ትቀበላታለች። ለዒድ ሻርፕ ገዝታ አምጥታላታለች፤ ሻርፑ እስከ ዛሬ ከነፌስታሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ደግሞ አንድ ቀን የፊርደውስ ረቂቅ ጽሑፍ ማተሚያው ላይ ተረስቶ ቢልቂስ የምስጋናውን ገጽ አንብባዋለች። ስሟ አለ። ከሾፌሩ ከከሊድ ስም ቀጥሎ፣ መጨረሻው መስመር ላይ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዶክተር አምባዬ ፊርደውስን «የኔ ጎበዝ» ባሉ ቁጥር የምትሠራው ነገር ፈልጋ ዞር ትላለች። ድሮ «የኔ ጎበዝ» የሚባለው ማን እንደነበረ እሳቸውም ረስተውታል።

የላቦራቶሪው በር ላይ ስትደርስ ከውስጥ የፊርደውስ ድምፅ ሰማች። ከዓሦቹ ጋር ታወራለች። ቢልቂስ ገባ ስትል ያየችው ነገር ጠዋቷን ጨርሶ አበላሸው። ገና ያልተሞከሩት ስምንቱ ዓሦች አፋቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ፊርደውስን ይከተላሉ፤ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ። እስካለፈው ወር ድረስ እንዲህ የሚከተሉት ቢልቂስን ብቻ ነበር።

«ሆዳሞች» አለች በልቧ።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ ቢልቂስ! ወላሂ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ዱዓ አደረጉልኝ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አድርጌልሻለሁ» አለች ቢልቂስ። አላደረገችም ነበር።

የሙከራው ነገር እንዲህ ነው። ክፍሉን መሐል ለመሐል ጥቁር መጋረጃ ይከፍለዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ቢልቂስ ብቻዋን ትሠራለች። አንዱን ዓሣ አልኮል ባለበት ውሃ፣ ሌላውን በንጹሕ ውሃ ሃያ ሃያ ደቂቃ ታቆያለች፤ ከዚያ በመረብ አውጥታ በመጋረጃው ክፍተት ወደ መመልከቻው ገንዳ ትለቀዋለች። ከመጋረጃው ወዲህ ፊርደውስ አለች። ከገንዳው በላይ በተወጠረ ሽቦ ላይ ከካርቶን የተቆረጠ ጭልፊት ተንጠልጥሏል፤ ገመዱን ስባ ታሳልፈዋለች። ጥላው ውሃው ላይ ሲያርፍ ዓሣ የተባለ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጥግ ይይዛል፣ ክንፉን አጥፎ ይደርቃል። ፊርደውስ ዓሣው ከፍርሃቱ ወጥቶ እንደገና እስኪዋኝ ያለውን ሰከንድ ትቆጥራለች፤ ካሜራውም ይቀርጻል። አልኮል የነካው ዓሣ ፍርሃቱ ይቀንሳል፣ ጭልፊቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ተብሎ ነው የተጠበቀው። ፊርደውስ ይህን ውጤት ይዛ ሰኞ ባሕር ዳር ትሄዳለች። እዚያ ያሉትን መምህራን ካሳመነቻቸው፣ ለሦስተኛ ዲግሪ የታሰበላት ቦታ የእሷ ይሆናል።

ዶክተር አምባዬ በአራት ሰዓት መጡ። ፖስታውን ከቢልቂስ እጅ ተቀብለው ማሸጊያው እንዳልተነካ ለሁለቱም አሳዩና ቀደዱት። ፊርደውስ የቆጠረችውን ሰከንድና ቢልቂስ የጻፈችውን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገው በእርሳስ እየነኩ ወረዱ። ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«የተገላቢጦሽ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይበልጥ የፈሩት አልኮል የነካቸው ናቸው። ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ደርቀው ቆይተዋል።»

«እንዴት ይሆናል ዶክተር?»

«እኔም የምጠይቅሽ እሱን ነው። የአልኮሉን ልክ በየቀኑ ሙከራው ሳይጀመር ያየሁት እኔ ነኝ። የቀረው የአንቺ አቆጣጠር ነው።»

የፊርደውስ ፊት ሲለወጥ ቢልቂስ ቆማ አየች። ደስ አላት። ደስታው ሳትጠራው መጣ፣ ደረቷ ላይ ሞቅ አለ፣ አፈረችበት። ቢሆንም አላባረረችውም።

ፊርደውስ ላፕቶፗን ከፍታ የተቀረጸውን ማሳየት ጀመረች። ቢልቂስ ሁልጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ስለነበረች ይህን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። አልኮል የነካው አንድ ዓሣ ወደ ገንዳው ሲለቀቅ ታየ። ጭልፊቱ ገና አልተንቀሳቀሰም። ዓሣው ግን ከወዲሁ ጎኑ ላይ ያሉት መስመሮች ጠቁረዋል፣ ክንፉ ከሰውነቱ ተጣብቋል፣ አፉ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ቢልቂስ ይህን መልክ ታውቀዋለች። ከሐይቅ በጀሪካን ያመጣቻቸው ቀን ሁሉም እንዲህ ነበሩ። እነዚህ ዓሦች የካርቶኑን ጭልፊት ከማየታቸው በፊት አንድ ነገር አስፈርቷቸዋል።

«እትዬ ቢልቂስ፣ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ነዎት የሚያውቋቸው» አለች ፊርደውስ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «የተለየ ነገር ይታይዎታል?»

ይታያታል።

«እኔ ምንም አይታየኝም» አለች ቢልቂስ።

ዶክተር አምባዬ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «ምክንያቱን ካገኘሽ፣ ስህተትም ቢሆን ሰው ፊት ቆመሽ ልታስረጂው ትችያለሽ፤ ጊዜም ይሰጡሻል። ምክንያቱን ሳታውቂ ከምትሄጂ ግን ብትቀሪ ይሻላል» አሏት ፊርደውስን። ቢልቂስ እስከ ኮሪደሩ ሸኘቻቸው። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህ ነገር እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀመር ከሆነ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። ያ ማመልከቻሽ አሁንም አለ?»

«አለ ዶክተር።»

«በይ እንግዲህ፣ የኔ ጎበዝ።»

አሏት። ስንት ጊዜ የጠበቀችው ቃል በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት መጣ። ደረጃውን ሲወርዱ እያየች ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆመች።

የዙህር ሰዓት ደርሶ ነበር። ከሕንጻው ጀርባ፣ የሴቶች መስገጃ ክፍል አጠገብ ባለው ቧንቧ ዉዱእ ለማድረግ ጎንበስ አለች። እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች። አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። አፍንጫዋን፣ ፊቷን ሦስት ሦስት ጊዜ። ቀኝ ክንዷን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛው ላይ እጇ ውሃው ስር እንዳለ ቀረ።

ሳፋዎቹ ትዝ አሏት።

ኸምር፣ ማለትም የሚያሰክር ነገር፣ የነካው ዕቃ ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ ንጹሕ አይባልም ሲሉ ነው አባቷ ያሳደጓት። ሙከራው ሲጀመር አልኮሉን በጓንት መንካቱ ሳይቀር ከብዷት ነበር። ስለዚህ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ሳፋ ንጹሕ ውሃ አሰለፈች። ከአልኮሉ ያወጣችውን ዓሣ ከነመረቡ የመጀመሪያው ሳፋ ውስጥ ትነክረዋለች፣ ታወጣዋለች፤ ሁለተኛው ውስጥ፣ ታወጣዋለች፤ ሦስተኛው ውስጥ፣ ታወጣዋለች። ከዚያ ነው ወደ ገንዳው የሚገባው። መረቡም ይጠራል፣ ዓሣውም ይጠራል። መታጠብ ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? ንጹሕ ውሃ ውስጥ የቆዩት የሚታጠብ ነገር ስለሌላቸው በቀጥታ ነበር የሚያልፉት።

አሥራ ስድስት ዓሦች። እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ትርፍ ከውሃ ተነጥቀው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከካርቶኑ ጭልፊት በፊት የነጠቀቻቸው እሷ ናት።

ሰገደች። ግን ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለች ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋባት። ማንም አላየም፣ ይህ ነው ጭንቅላቷ ውስጥ የሚዞረው። መጋረጃው ጥቁር ነው። ሳፋዎቹን ደፍታ ግድግዳው ላይ ብትደግፋቸው የሚጠይቅ የለም። ከተናገረች ደግሞ ምን ይከተላል? ስድስት ዓመት ስህተት አልተገኘባትም የተባለችው ቢልቂስ የሰው ጥናት ያበላሸች ትሆናለች፤ ያቺ ልጅ ይቅርታዋን በፈገግታ ሰጥታ ባሕር ዳር ትሄዳለች። ዝም ካለች ግን ማመልከቻዋ አለ። «የኔ ጎበዝ» አለ።

ስትመለስ ፊርደውስ ኮሪደሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ስልክ እያወራች ነበር።

«አይ አባባ፣ የማንም ጥፋት አይደለም። የኔው ነው፣ በደንብ አልቆጠርኩም… እትዬ ቢልቂስማ? እሳቸው ጋ ስህተት አይታሰብም። ኧረ ተዉ፣ አብሽሩ፣ አላህ ያውቃል።»

ቢልቂስ ሁሉንም ሰማች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ይህቺ ልጅ አንድ ቀን እንኳ፣ ለአንዲት ቀን፣ መጥፎ መሆን አትችልም? አንድ ጊዜ ብታማት፣ አንድ ጊዜ «እሷ ናት» ብትል እኮ ዝም ማለቱ ይቀልላት ነበር።

ፊርደውስ ዘወር ስትል አየቻትና ፊቷን በመዳፏ ጠራረገች። «እትዬ ቢልቂስ፣ ያልተሞከሩት ስምንቱ አሉ አይደል? ዶክተርን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ስምንት ዓሣ ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ስህተቱ የት እንዳለ ሊጠቁም ይችላል አሉኝ። ይደክምዎታል?»

«አይደክመኝም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳፋዎቹ እንደተለመደው ተሰልፈው ነበር፤ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ ጠርዙ የተሰነጠቀው። ቢልቂስ ጓንቷን አጠለቀች። አልኮሉን ለክታ ቀላቀለች፣ ከስምንቱ አንዱን አውጥታ ውስጡ ለቀቀችው፣ ሰዓቷን አየች። ሃያ ደቂቃ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ዓሣውን ተመለከተች። መጀመሪያ ተወራጨ፣ ቀጥሎ ጥግ ያዘ፤ እያደር ክንፉ ተፍታታ፣ ከጥግ ወጣ፣ በማያውቀው ጠባብ ዕቃ ውስጥ እንደ ቤቱ ይዘዋወር ጀመር።

«እትዬ፣ እኔ ዝግጁ ነኝ!» አለች ፊርደውስ ከወዲያ።

ቢልቂስ መረቡን አነሳች። ዓሣው ውስጡ ነው። መረቡ እየተንጠባጠበ ከሰማያዊው ሳፋ በላይ ሲደርስ እጇ ከልማዱ የተነሳ ዝቅ አለ። አሁን ብትነክረው ያለቀ ነገር ነው። የዛሬውም እንደ ትናንቱ ይሆናል፣ ማንም ምንም አያውቅም፣ እሷም ሰኞ ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ ፊርደውስ አለመሄዷን ታስባለች። አንድ ጠብታ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ። አባቷ ያስተማሯት ነገር ስህተት የለበትም፤ ግን እሳቸው የተናገሩት ለሚሰግድ ሰው ነው። ዓሣ ሶላት የለበትም።

ሳፋዎቹን ሦስቱንም ዘላ መረቡን በመጋረጃው ክፍተት አሻገረችው።

እንደ ወትሮው ወደ ኋላ አልተመለሰችም፤ በክፍተቱ ዓይኗን አስጠግታ አየች። የካርቶኑ ጭልፊት ሽቦው ላይ ሲንሸራተት ሰማችው። ጥላው ከገንዳው ጫፍ ገባ፣ አሸዋውን አቋርጦ መጣ፣ ዓሣው ጀርባ ላይ አረፈ። ዓሣው ጭራውን አንዴ አወዛወዘና መንገዱን ቀጠለ። ጥላው አለፈው። እሱ ገንዳው መሐል፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ ዝም ብሎ ይዋኛል።

ቢልቂስ ቀናችበት። የዛሬውን ቅናት ሁሉ የሚያስንቅ ቅናት ነበር። እሷ ስንት ዓመት ነው በየሰው ጥላ ስር ክንፏን አጥፋ የኖረችው? የልጅቱ ሳቅ ሲያልፍ ጥግ የያዘችው፣ የዶክተሩ አንድ ቃል ሲያልፍ የደረቀችው? ይህ ደግሞ በሃያ ደቂቃ ተገላገለ። ነገ አልኮሉ ሲወጣለት መልሶ እንደሚፈራ ታውቃለች። ቢሆንም ቀናችበት።

«አልፈራም!» ፊርደውስ ጮኸች። «እትዬ ቢልቂስ፣ አላህን፣ ይሄኛው ንቅንቅ አላለም! የአልኮሉ ነው አይደል? አይ፣ አይንገሩኝ፣ ማወቅ የለብኝም…» ድምፅዋ መሐል ላይ ቆመ። ፊርደውስ ሞኝ አይደለችም። ቀጥላ የተናገረችው ቀስ ብላ ነበር። «እስከ ትናንት እንዲህ ያለ አንድም አልነበረም። ዛሬ ምን ቀየሩ?»

ቢልቂስ መጋረጃውን ይዛ ሳበችው። ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ ተንሿሹ። ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ገብቶ ሦስቱን ሳፋዎች በተርታ አሳየ።

«እስከ ዛሬ አጥባቸው ነበር» አለች። «ከአልኮሉ ያወጣሁትን ሁሉ። ሦስት ሦስት ጊዜ። ኸምር ነው ብዬ።»

ፊርደውስ ሰማያዊውን አየች፣ አረንጓዴውን አየች፣ ጠርዙ የተሰነጠቀውን አየች። ለመረዳት ብዙ አልፈጀባትም። ስህተቱ የኔ ነው ብላ ስትጨነቅ የዋለችው ልጅ ፊቷ መጀመሪያ በራ፤ ወዲያው ግን ሌላ ነገር ገባበት።

«ጠዋት ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«እርስዎ» ቀረ። ቢልቂስ አስተዋለችው፤ ያን ያህል የምትጠላው ቃል ሲቀር ያማል ብላ አልጠበቀችም።

«ግማሹን አውቄ ነበር። ግማሹን ዉዱእ ላይ ነው ያገኘሁት» አለች። ጓንቷን አወለቀች። «ቀንቼብሽ ነው ፊርደውስ። ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ። አፉ በይኝ አልልሽም፣ ዛሬ አይሆንም። ግን ወረቀትሽ ላይ ጻፊው። ቢልቂስ አጠበቻቸው ብለሽ ጻፊ። ከነስሜ።»

ፊርደውስ ብዕሯን ከጠረጴዛው አነሳች። ወረቀቱን አልነካችም። ሌላኛው እጇ ላይ ስልኳ ሰከንዱን መቁጠር አላቆመም፤ የካርቶኑ ጭልፊት ሽቦው ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ገንዳው ውስጥ ዓሣው ይዋኛል።